የአሞራ ገደል ድስት

«ይህ ድስት የማን እጅ ነው?»

ተሻለች ይህን ስትጠይቀኝ ጭልፋው በእጄ ነበር። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። ከማውቀው ነገር ሁሉ እንደዚያ አጥርቼ የማውቀው የለኝም። ግን ጭልፋውን ወደ ድስቱ መልሼ ማማሰል ጀመርኩ። የበሰለ ቦሎቄ እንደማይማሰል እሷም እኔም እናውቃለን። አሁን ብትጠይቀኝ እመልስላታለሁ። አሁን ግን አትጠይቀኝም።

ነገሩ የሆነው በሰባ ስምንት ዓ.ም.፣ በመጋቢት ወር፣ በአንድ እሑድ ነው። የኮሌጆች የብስክሌት ውድድር ናዝሬት ላይ ተደረገ፤ ልጄ ቀነዓ ለኮሌጁ ከሚወዳደሩት አራት ልጆች አንዱ ነበር። ቤታችን ከመናኸሪያው ጀርባ ያለ የቀበሌ ቤት ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ኪራዩ በወር ሰባት ብር። በፊተኛው ክፍል እኔና ልጄ ኢፍቱ እንተኛለን፤ ጓዳው የቀነዓ ነበር። ብስክሌቱ የኮሌጁ ንብረት ስለሆነ ሌባ እንዳይወስደው ብለን ከኔ ራስጌ እናሳድረዋለን። የካቴናው ግራሶ ትራሴን አጥቁሮታል፤ ስገላበጥ መሪው ክርኔን ይመታኛል። ኢፍቱ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ «እማዬ ባል አገባች፣ ባሏም ባለ ሁለት ጎማ ነው» እያለች ለጎረቤት ታወራብኝ ነበር።

በጓዳው ጥግ በጆንያ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ አንድ የሸክላ ድስት አለኝ። ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ ነው። ከንፈሩ ወደ ውጭ ታጥፎ ዙሪያውን ቦይ ሠርቷል፤ በዚያ ቦይ ላይ ውሃ የያዘች ትንሽ ገል ትገጥምበታለች። ገሏ ክዳንም ናት፣ የሙቅ ውሃ ማስቀመጫም ናት። ቦሎቄ እየፈላ ቀዝቃዛ ውሃ ከተጨመረበት ይደነግጥና ልቡ ድንጋይ ይሆናል፤ ከላይ ከገሏ የሞቀው ሲጨመርበት ግን ሁሉም እኩል ይበስላል። የደራ ሴቶች ባቄላ የሚቀቅሉበት ድስት አፈ ሰፊና አጭር ነው፤ በቅጠል ይከድኑታል። የሞጆዎቹ ጆሮው አራት ነው፤ ሁለት ሰው እንዲያወርደው። ሁሉንም አይቻለሁ፣ ለቦሎቄ ግን የኔን የሚያህል አላየሁም። የሠራችው እናቴ ናት። ላገባ ስል ጭቃውን ረግጣ፣ አበጅታ፣ ተኩሳ፣ በጎመን ዘር አሟሽታ ሰጠችኝ። ከጆሮው ሥር ሦስት ጊዜ አውራ ጣቷን ተጭናበታለች። የመንደራችን ሴቶች ሁሉ እንደዚያ ያደርጋሉ።

ጠዋት ጠዋት መናኸሪያው በር ላይ ቦሎቄ እሸጣለሁ፤ አንድ ሲኒ በአሥር ሳንቲም። ድስቱን ግን ከቤት አውጥቼው አላውቅም ነበር። ሲበስል ወደ አሉሚኒየም ሳፋ እገለብጠውና ሳፋውን ይዤ እወጣለሁ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የተወለድኩበት አሞራ ገደል የሸክላ ሠሪዎች መንደር ነው። በዙሪያችን ያለው ገበሬ ድስታችንን ገዝቶ ይበላበታል፤ እኛን ግን ከደጁ አያስገባንም። ዓይናቸው ይበላል ይሉናል። የሰው ልጅ ሲታመም፣ ላም ስትነጥፍ፣ ስማችን ይነሣል። ባሌ ጉደታ የአርሲ ሰው ነበር፣ የጭነት መኪና ረዳት። መኪናቸው ምንጃር ላይ ተበላሽቶ እናቴ ቤት ውሃ ለመነ፤ ጠጥቶም አልሄደም። ናዝሬት ይዞኝ ሲመጣ «እዚህ ሰው ከየት መጣህ አይልም፣ ምን ይዘህ መጣህ ነው የሚለው» አለኝ። እውነቱን ነበር። ኢፍቱ ሁለት ዓመቷ ሳለ እሱ ሞተ፤ ምስጢሩ ለእኔ ብቻ ቀረ። ልጆቼን «አያታችሁ የምንጃር ሰው ነበረች» ከማለት በቀር ምንም አልነገርኳቸውም። ለራሴ ፈርቼ አይደለም። ቀነዓ ሰው ቤት ገብቶ ከሰው ጋር ከአንድ ገበታ ሲቆርስ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። እኔ በልጅነቴ አላገኘሁትም። እሱ እንዳያጣው ነው ሃያ ዓመት ድስቱን በጆንያ የሸፈንኩት።

ከውድድሩ አንድ ሳምንት በፊት አዘጋጅ ኮሚቴው በቀበሌ በኩል ትእዛዝ ላከ። የተወዳዳሪ እናቶች በየትውልድ ቦታቸው ድስት ባቄላ ወይም ቦሎቄ ቀቅለው ሜዳው ድረስ ያምጡ፤ ልጆቹ ሲመለሱ ከሁሉም ይቀምሳሉ፤ እንግዶች ባህላችንን ያያሉ ተባለ። እኔ የጎረቤቴን የዙለይካን የደራ ድስት ልዋስ አሰብኩ። ቀነዓ ሰምቶ ተቆጣኝ። «የሰው ድስት ይዘሽ ልትቀርቢ ነው? የኛ እያለ?» አለኝ። ከዚያ ድስት በልቶ ነው ያደገው፤ ይወደዋል። ዓይኔን እያየ ሲለምነኝ «በዚህ ትልቅ ከተማ ማን ያውቀዋል» አልኩ። ልጅ ሲለምን እናት ብልሃቷ ይጠፋል።

የዚያን ዕለት ጎህ ሲቀድ አራቱም ተወዳዳሪዎች እኛ ቤት በሉ። የቡድናቸው ልማድ ነው፤ ከውድድር በፊት ከአንድ ድስት ይበላሉ። አምባዬ የተሻለች ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ጥጋብ የማያውቅ። ደሊል የሚባለው የአሰላ ልጅ ደግሞ ምላሱ አያርፍም። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የሚነሡ ስለሆነ ብስክሌታቸውን ደጅ ደርድረው አልጋና ዱካ ላይ ተጨናንቀው ተቀመጡ።

«እትዬ ዘርፉ፣ የሞጆ መንገድ ላይ የሚገፋኝ የእርስዎ ቦሎቄ ነው» አለ አምባዬ ሦስተኛ ሳህን እየተቀበለኝ።

«ከኋላው የምነዳው እኔ ነኝ፤ የሚገፋው ምን እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ!» አለ ደሊል አፍንጫውን ይዞ።

ኢፍቱ ሳቋ ውሃ አስተፋት። እኔም ሳቅሁ። አምባዬ ሳይከፋው እየሳቀ ሲጎርስ አየሁትና «እንዲህ ነው መብላት! ሲበላ እንዴት ያምራል!» አልኩት። ሌላ ቀን ቢሆን «ከዓይን ያውጣህ» እጨምርበት ነበር። ያን ቀን ልቤ ሞልቶ ነበርና ረሳሁት።

እነሱ ሲሄዱ፣ ተበልቶም እምብዛም ያልጎደለውን ድስት ከነገሏ በጨርቅ ጠቀለልኩና ጋሪ ጠራሁ። ባለጋሪው ገርባ የመናኸሪያ ደንበኛዬ ነው። «አካም ቡልቴ፣ አያ ገርባ» ብዬ በኦሮምኛ እንዴት አደርክ ስለው «ነጋ፣ ነጋ፤ በሰላም» አለና ድስቱን ከኔ ጎን ሳስቀምጥ አይቶ ፈረሱን አቆመ። «እሱም ወንበር ይዟል እኮ። የሁለት ሰው ሂሳብ ነው።» «ይህ ከሁለት ሰው ይበልጣል፣ ቀስ ብለህ ብቻ ንዳ» አልኩት። ሃምሳ ሳንቲም ሰጠሁት። ነፋሱ አቧራውን ከመንገዱ እያነሣ ፊታችን ላይ ይረጨው ነበር፤ ናዝሬት መጋቢት ላይ እንዲህ ናት። በነጠላዬ ድስቱን ሸፈንኩት። ኢፍቱ «አንቺ አቧራ ለብሰሽ እሱን ታለብሺዋለሽ» አለችኝ።

ሜዳው ዳር በቀይ ጨርቅ የተሸፈነ ረጅም ጠረጴዛ ነበር። ሰባት ድስቶች ተደርድረዋል፤ የደራው፣ የሞጆው፣ የአሰላው፣ ሌሎችም። ተሻለች ከእኔ ጎን ደረሰች። ከእሷ ጋር በዕድር፣ በሴቶች ማኅበር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በመሠረተ ትምህርት አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አብረን ነን። እሷም የምንጃር ሰው ስለሆነች «ያገሬ ልጅ» ትለኛለች፤ ከየትኛው መንደር እንደሆንኩ ልትጠይቅ ስትል ሁልጊዜ ወሬ እቀይራለሁ። ስታመም አጥሚት አምጥታልኛለች። ልጇ ሲመረቅ የምትለብሰውን ቀሚስ ቀለም እኔ ነኝ የመረጥኩላት። ድስቷን ሸጣ ስለነበር የመጣችው በብረት ድስት ነው፤ «ኮሚቴው ይቅር ይበለኝ» ብላ ሳቀች።

ከዚያ አንዲት የኮሌጅ ተማሪ ነጭ ካርቶንና ወፍራም ስክሪብቶ ይዛ መጣች። በየድስቱ ፊት ድስቱ የመጣበት ቦታ ይጻፋል፤ የሚጽፉትም እናቶች ራሳቸው ናቸው፤ እንግዶቹ የመሠረተ ትምህርትን ፍሬ ማየት ይፈልጋሉ አለችን። ስክሪብቶውን ተቀበልኩ። ምንጃር ልጽፍ አስቤ ነበር። ግን ምንጃርን ጽፌ አላውቅም። አስተማሪያችን የትውልድ ቦታችሁን ቤት ጽፋችሁ ተለማመዱ ሲለን ቀነዓን የመንደሬን ስም ጻፍልኝ ብዬው ነበር። እሱም ምን እንደሆነ ሳያውቅ በደብተሬ ራስ ላይ አሳምሮ ጻፈልኝ፤ ከሥሩ ገጹ እስኪሞላ ገለበጥኩት፤ ደብተሩንም ለማንም አላሳየሁም። ከራሴ ስም ቀጥሎ ሳልሳሳት የምጽፈው ያንን ብቻ ነበር። ልጅቷ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ከኋላዬ ሰዎች ያያሉ። ማፈር ፈራሁ። እጄ የሚያውቀውን ጻፈ። ፊደሎቹ ቀጥ ብለው ወጡ፤ አንዱም አልተጣመመም። ልጅቷ «ጎበዝ እናት!» ብላ ካርቶኑን ድስቱ ፊት አቆመችው። እኔም፣ ይገርማል፣ ለጥቂት ጊዜ ደስ አለኝ።

ልጆቹ ከሄዱ ከሁለት ሰዓት በላይ አልፏል። ሞጆ ደርሰው መመለስ፣ ከዚያ ደግሞ መድገም ነበረባቸው። ፀሐይዋ በረታች። ተሻለች ሥራ ፈትታ የየድስቱን ጽሑፍ ማንበብ ጀመረች፤ ክፍል ውስጥ እንደምናደርገው በጣቷ እየተከተለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። የደራውን አነበበች፣ የአሰላውን አነበበች። የኔ ጋ ደረሰች። «አ… ሞ… ራ… ገ… ደል» አለች። ማንበቧ ደስ ብሏት ፈገግ ብላ ቀና አለች። ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ዓይኗ ተለወጠ። እጇን ዘርግታ ከድስቱ ጆሮ ሥር ያሉትን ሦስት የጣት ዱካዎች ነካች። ከዚያ ነው የጠየቀችኝ።

ሳልመልስላት ስቀር ሁለተኛ አልጠየቀችኝም። ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ቀስ ብላ፣ ላየው የማትፈልግ ይመስል፣ የብረት ድስቷን ከኔ ድስት ራቅ አደረገችው። ከዚያ የደራውን ድስት ወዳመጣችው ሴት ሄዳ ቆመች። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም። ሴትየዋ ለሌላዋ፣ ሌላዋ ለሌላዋ አቀበለች። የደራዋ ሴት ቀደም ብላ ከኔ ቦሎቄ በሲኒ ተቀብላኝ ነበር፤ ሲኒውን ሳትበላው መሬት አስቀመጠችው። በቁጣ አይደለም። ልጅ የተኛበት ክፍል ውስጥ ዕቃ እንደሚቀመጥ፣ ድምፅ እንዳይሰማ ተጠንቅቃ ነው ያስቀመጠችው። ኢፍቱ «እማዬ፣ ምን ሆኑ?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት።

ወዲያው ከሞጆ መንገድ አንዲት ፒክአፕ ጡሩምባዋን እየነፋች ገባች። አምባዬ ከኋላ ተጋድሟል። በሁለተኛው ዙር ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ የፊት ጎማው ከመነዳሪ ፈንድቶ ከነብስክሌቱ ተገልብጧል፤ የትከሻው አጥንት ተሰብሯል። ተሻለች ጫማዋ ከእግሯ እየወጣ ሮጠች። ልጁ ነፍሱን ያውቃል፤ «እማዬ አታልቅሺ፣ እጄ ነው እንጂ እግሬ ደህና ነው» ይላታል። እኔም ሮጬ ደርሼ እጄን ወደ ግንባሩ ስዘረጋ ተሻለች በመሃላችን ገባች። አልገፋችኝም። ብቻ ልጇን በነጠላዋ እስከ ፊቱ ሸፈነችው፤ ዓይኔ እንዳያርፍበት። «ጠዋት ደህና ነበር። እነሱ ቤት በልቶ ነው የ…» አለችና አልጨረሰችውም።

ሹክሹክታው የቀበሌያችን ካድሬ ጋ ደረሰ። ወፍራም ድምፅ ያለው፣ ሰው የሚፈራው ሰው ነው። ሰዉ ዞር ብሎ መንገድ ለቀቀለት። «ጓድ ዘርፉ፣ በሙያሽ የሰደበሽ ሰው አለ አሉኝ። በአብዮቱ ዘመን ይህን ኋላ ቀር ቃል የሚናገር ይታሠራል። ስሙን ጥሪ» አለኝ። ተሻለች ከፒክአፑ ጎን የልጇን ጫማ ታቅፋ ቆማለች። ሰምታለች፤ ወደ እኔም ትመለከታለች። አንድ ስም ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ።

«ማንም ምንም አላለኝም» አልኩ። እውነትም ቃሉን ማንም አላወጣም ነበር።

ካድሬው ድምፅ ማጉያውን ተቀብሎ ስለ ሸክላ ሠሪ ክብር፣ ስለ እጅ ሙያ፣ ስለ እኩልነት ብዙ ተናገረ። ከዚያ ከድስቴ በሳህን አስጨልፎ ፎቶ አንሺው ፊት ሁለት ፍሬ ቦሎቄ አፉ ውስጥ ከተተ። ረጅም ጊዜ አኘከ። ሲውጥ አላየሁም። ሳህኑን ለጠባቂው ሰጠ፤ ጠባቂውም ለሌላ ሰው ሰጠ፤ እንዲህ ሲቀባበሉት ሳህኑ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ደርሶ ቆመ። የሰደበኝ ባይኖር እንኳ ያን ሁሉ ንግግር ሰምቶ ማንነቴን ያላወቀ ሰው አልቀረም። ከዚያ በፊት አሥር ሰው ያወቀውን ካድሬው ለሜዳው ሁሉ ነገረልኝ።

ቀነዓ የደረሰው ያኔ ነው። ሁለተኛ ወጣ። አቧራና ላብ ፊቱን ጭቃ አድርገውታል፤ እግሩ ይንቀጠቀጣል፤ አንደኛ ከወጣው የሌላ ኮሌጅ ልጅ በአንድ ጎማ ርዝመት ነው የተቀደመው። ሰዉ አጨበጨበ፤ ግን ጭብጨባው ቶሎ አለቀ። ደሊል ከኋላው ደርሶ ከሰዉ ሰምቶ ኖሮ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብሎ ነገረው። ቀነዓ ጠረጴዛው ጋ መጣ። ካርቶኑን አነሣ፤ የእጄን ጽሑፍ ያውቀዋል፣ እሱ ነው ያስተማረኝ። አነበበው። ጆሮው ሥር ያሉትን ዱካዎች አየ። እኔን አላየኝም።

«ጓድ ቀነዓ ከእናቱ ድስት በልቶ ምሳሌ ይሆነናል!» አለ ካድሬው።

ጨልፌ ሳህኑን ዘረጋሁለት። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ሁለት ጊዜ የነዳ ልጅ ነው። ረሃቡን ከንፈሩ ላይ አየሁት፤ እናት ይህን አታጣውም። ከኋላው ጓደኞቹ ቆመዋል፤ ጠዋት አልጋዬ ላይ ተጨናንቀው የበሉት። ቀነዓ ዞሮ አያቸው። ከዚያ እጁን ሆዱ ላይ አደረገና «አሞኛል፣ አልበላም» አለ። ትንሽ ቆይቶ የደራዋ ሴት ባቄላ ስትሰጠው በሁለት እጁ ተቀብሎ ጀርባውን ሰጥቶኝ በላ። ሁለት ጊዜ አስጨመረ።

ድስቱን እንደ ሞላ በጋሪ መለስነው። ገርባ ምንም አልሰማም፤ «እንግዶቹ አልበሉም እንዴ?» አለ። ኢፍቱ «በልተው ጠገቡ» አለችው። ቤት ገብተን በሩን ዘጋን። ቀነዓ ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ላይ መጣ። ብስክሌቱን እንደ ወትሮው ራስጌዬ አላቆመውም፤ ደጅ ግድግዳ ላይ አስደግፎት ገባና ጓዳው መጋረጃ ሥር ቆመ። ከጎረቤት ሬድዮ የመዝሙር ድምፅ ይመጣል። ኢፍቱ ቀዝቃዛውን ቦሎቄ ሳህን ላይ አውጥታ አንድ በአንድ ትበላለች፤ ራት የሚሆን ሌላ ነገር ስላልነበረን ሳይሆን፣ እኔን ደስ እንዲለኝ ብላ እንደሆነ አውቄያለሁ።

«አባዬ ያውቅ ነበር?» አለ በመጨረሻ።

«ያውቅ ነበር።»

«ስንት ቤት በላሁ። አምባዬ ቤት አድሬ፣ ከእናቱ እጅ ጎርሼ። አታላይ አደረግሽኝ።»

«ልጅ አደረግኩህ» አልኩት።

«እኔ እኮ አላምንበትም፣ እማዬ። ተምሬያለሁ። ከመነዳሪ ነው የፈነዳው፣ ራሴ አይቼዋለሁ፣ የተጣፈ ነበር።» መጋረጃውን ጨብጦ ወደ መሬት እያየ ቆየ። «ግን… ጠዋት አምባዬን ምን ነበር ያልሽው? ሲበላ ያምራል አላልሽውም?»

ኢፍቱ ሳህኗን አስቀመጠች። «ቀነዓ!» አለችው፤ እንደ ትልቅ ሰው።

እኔ ልቆጣ ፈለግሁ። ልጮህበት፣ ጡቴን ልጠራ ፈለግሁ። ግን ፊቱን ሳየው ከእኔ የበለጠ የፈራው እሱ ነበር፤ የራሱን ዓይን የፈራ ሰው ይመስላል። «ብዬዋለሁ» አልኩት። «ደስ ብሎኝ ነው ያልኩት።» ራሱን ነቀነቀ። ጓዳ ገብቶ ልብሱን በጆንያ ሲከት ሰማሁ። ጆንያው የድስቱ ነበር። አልከለከልኩትም፤ ሌላ መያዣ የለውም።

ሲወጣ ግንባሬን ሳመኝ። ኢፍቱን ደብተሯን እንዳትተው ነገራት። ብስክሌቱን እየገፋ፣ ሳይቀመጥበት፣ በመናኸሪያው አጥር ጎን ሄደ፤ እኔም በሩ ላይ ቆሜ እስኪታጠፍ፣ እንዳያርፍበት ዓይኔን ከጀርባው አንሥቼ መሬት መሬቱን አየሁ።

ኢፍቱ ከእኔ ጋር ቀረች። ቀነዓ ወደ ኮሌጁ ማደሪያ ገባ፤ ከቤታችን በእግር አሥር ደቂቃ ነው።